የጋን መብራት እንዳይሆን

(ስለ ዶክትሬት ተማሪዎችና ስለ ጽሑፎቻቸው፣ በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በአዳራሹ የተደረገ ንግግር)





 የትምህርት ቤት በዓል ሲከበር ያለፈውን ማመስገንና የሚመጣውን ማሰብ የቆየ ልማድ ነው። ያለፈውን ከእኔ በተሻለ የሚያመሰግኑ ሌሎች ተናጋሪዎች ስላሉ፣ እኔ ስለሚመጣው ልናገር። ከዚህ ግቢ ወጥተው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ፣ ከዩኒቨርሲቲም አልፈው እስከ ዶክትሬት ማዕረግ የሚደርሱ ልጆች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። የንግግሬም ርእስ እነዚህን ተማሪዎች ስለ መርዳትና የጻፉትን ለሁሉ ስለ ማካፈል ነው።

ከመካከላችሁ «ገና የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ላስቸገረን ስለ ዶክትሬት ምን ያወሩልናል» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው፤ ነገሩ የሚነካው ዶክተር የሚሆነውን አንዱን ብቻ ሳይሆን ዶክተር የማይሆኑትን ሁላችንን ነው። እንዴት እንደ ሆነ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ዶክትሬት ማለት አንድ ሰው ከእርሱ በፊት ማንም በሚገባ ያልመለሰውን ጥያቄ መርምሮ፣ መልሱን ከነማስረጃው በጽሑፍ አቅርቦ፣ በሊቃውንትም ፊት ተከራክሮ ሲያስረዳ የሚሰጠው ማዕረግ ነው። ከዚያ በታች ያለው ትምህርት በአብዛኛው ሌሎች ያወቁትን ማወቅ ነው። ይህኛው ግን በታወቀው ላይ አንድ አዲስ ነገር መጨመር ነው። የተጨመረውም ነገር የሚገኘው በምረቃው ካባ ወይም በስሙ ፊት በሚጻፈው ማዕረግ ሳይሆን በጽሑፉ ውስጥ ነው። ተማሪው ለዚህ ጽሑፍ 4 ዓመት፣ 5 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ይደክማል።

ለዚህ ድካም ወጪውን የሚችለው ማን ነው? በአገራችን ተማሪው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲማር ወጪውን የሚችለው ግብር የሚከፍለው ሕዝብ ነው። ደግሞም ሕዝቡ የሚሰጠው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ጥናቱ ስለ አፈር ከሆነ ገበሬው ማሳውን ያስቆፍራል። ስለ በሽታ ከሆነ ሕመምተኛው ደሙን ይሰጣል። ስለ ታሪክ ከሆነ ሽማግሌው ከአባቱ የሰማውን ቁጭ ብሎ ያወራል። ስለ ትምህርት ከሆነ መምህሩ ክፍሉን ከፍቶ ያስጠናል፣ ተማሪውም የጥያቄውን ወረቀት ይሞላል። እንግዲህ ጽሑፉ ሲያልቅ ባለቤቱ አንድ ሰው ቢሆንም ባለውለታው ብዙ ሰው ነው።

ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከአባቱ ቤት ወጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የመንደሩ ሰው ከድህነቱ ላይ ቁራሽ ይሰጠው ነበር። በወሎና በሌላውም አገር ደረሳው ከሼኹ ዘንድ ኪታብ ሲቀራ እንዲሁ በአካባቢው ሕዝብ ምግብ ይኖር ነበር። ያን ቁራሽ የሰጡ እናቶች ቅኔ አይቆጥሩም፣ ትርጓሜም አያውቁም። ነገር ግን ልጁ የተማረ እንደ ሆነ የሚያስተምር፣ የሚያስታርቅ፣ የሚጽፍ ሰው ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ተማሪውን መደገፍና የትምህርቱን ፍሬ ማካፈል የተለያዩ ሁለት ነገሮች አልነበሩም። አንዱ ብድር ነው፤ ሁለተኛውም የብድሩ መመለሻ ነው። እኔም ዛሬ ልናገር የመጣሁት ይህንኑ ነው። የዶክትሬት ተማሪውን እንደግፈው፤ እርሱም ጽሑፉን ለደጋፊዎቹ ይግለጥላቸው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ሌላው አይጸናም።

እስኪ አሁን ያለውን ሁኔታ እንመልከት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1978 ተመሠረተ፤ የዶክትሬት ትምህርትም እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀመረ። ከዚያ በፊት ዶክትሬት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ወደ ለንደን፣ ወደ ፓሪስ፣ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ሞስኮ መሄድ ነበረበት። ጽሑፉም በዚያው በተማረበት አገር ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ለማንበብ ኢትዮጵያዊው ባሕር መሻገር ነበረበት ማለት ነው።

ለምሳሌ ሁለት የታሪክ ሊቃውንትን ላንሣ። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1968 ዶክትሬታቸውን አገኙ። ጽሑፋቸው ከ1270 እስከ 1527 ስለ ነበረው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በኦክስፎርድ ታትሞ መጽሐፍ ሆነና በዓለም ሁሉ ተነበበ። ፕሮፌሰር መርዕድ ወልደ አረጋይም በዚያው በለንደን እ.ኤ.አ. በ1971 ከ1508 እስከ 1708 ስለ ነበረው ስለ ደቡብ ኢትዮጵያና ስለ ክርስቲያኑ መንግሥት ታላቅ ጽሑፍ አቀረቡ። ይህ ሁለተኛው ጽሑፍ ግን በመጽሐፍ መልክ ሳይታተም ቀረ። የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያጠኑ ሊቃውንት ሁሉ ይጠቅሱታል፤ ሆኖም ብዙ ዘመን የሚነበበው በታይፕ ከተመታው ጽሑፍና ከእርሱ በተነሣው ቅጂ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ትምህርት ቤት ተማሩ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ። የአንዱ ሥራ በመጽሐፍ መደብር ሲገኝ የሌላው ሥራ የሚገኘው በፍለጋ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የዕውቀቱ ማነስ ሳይሆን የመንገዱ መዘጋት ነው። በኋላ ግን ያ የለንደን ትምህርት ቤት የቆዩ የዶክትሬት ጽሑፎችን በብዛት ወደ ዲጂታል እያዛወረ በኢንተርኔት አስቀምጧል።

ዛሬ በአገራችን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በየዓመቱ ብዙ የማስተርና የዶክትሬት ጽሑፎች ይቀርባሉ። ጽሑፉ ከተፈተነ በኋላ በጠንካራ ሽፋን ይጠረዛል፣ ጥቂት ቅጂዎችም ለዩኒቨርሲቲው ይሰጣሉ። ከዚያ ወዲያ ዕድሉ እንደ ቤተ መጻሕፍቱ ልማድ ነው። በብዙ ቦታ እዚያው ተቀምጦ ከማንበብ በቀር ማውጣትም ሆነ ሙሉውን ማባዛት አይፈቀድም።

አንድ ተማሪ በአሳባችን እንሳል። በጅማ ሆኖ ስለ አፈር መሸርሸር ያጠናል። ከ10 ዓመት በፊት በመቀሌ ሌላ ሰው ስለዚሁ ጉዳይ አጥንቶ፣ የትኛው እርከን ለየትኛው ተዳፋት እንደሚስማማ ለክቶ ጽፏል። የጅማው ተማሪ ግን ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም የአውቶቡስና የአልጋ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ያንኑ ይለካል፣ ያንኑ ይደክማል፣ የመጀመሪያው የተሳሳተበትም ቦታ ላይ እርሱም ይሳሳታል። እንዲህ ሲሆን አገሪቱ ለአንድ ዕውቀት ሁለት ጊዜ ከፈለች፤ ገበሬው ግን አንድ ጊዜም አልተቀበለም። አባቶቻችን ችሎታው ተሰውሮ የቀረበትን ሰው «የጋን መብራት» ይሉታል። በጋን ውስጥ ያለ መብራት ዘይቱን ይጨርሳል እንጂ ቤቱን አያበራም።

አንድ ጽሑፍ ለአንባቢ በመድረሱና በመዘግየቱ ምን ያህል ለውጥ እንደሚመጣ ከሳይንስ ታሪክ አንድ ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ1924 ሉዊ ደ ብሮይ የተባለ ፈረንሳዊ ወጣት በፓሪስ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። አሳቡ «ብርሃን እንደ ሞገድም እንደ ቅንጣትም የሚሆን ከሆነ፣ እንደ ኤሌክትሮን ያለው ቅንጣትም የሞገድ ጠባይ አለው» የሚል ነበር። ፈታኞቹ ለመፍረድ ተቸገሩ። ከእነርሱ አንዱ ፖል ላንዥቫን አንድ ቅጂ ለአልበርት አይንስታይን ላከለት፤ አይንስታይንም አነበበና እጅግ አደነቀ። በራሱም ጽሑፍ ላይ ጠቀሰው። ይህን ያየ ኤርዊን ሽሮዲንገር የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ጽሑፉን መፈለግ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1925 ለአይንስታይን በጻፈው ደብዳቤ በመጨረሻ እንዳገኘውና እንዳነበበው ገለጸለት። በሚከተለው ዓመት በ1926 ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ የሚማረውን በስሙ የተጠራውን የሞገድ ቀመር አወጣ። ደ ብሮይም እ.ኤ.አ. በ1929 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ከዚህ ታሪክ «በመጨረሻ አገኘሁት» የሚለውን ነገር ልብ በሉ። በአውሮፓ መካከል የተቀመጠ የታወቀ ፕሮፌሰር እንኳ አንድ የዶክትሬት ጽሑፍ ለማግኘት ጊዜ ፈጅቶበታል። ቅጂው ለአይንስታይን የደረሰውም አንድ ደግ መምህር ስለ ላከው ነው። እንግዲህ ደግ መምህር ያላገኙት ስንቶቹ ጽሑፎች በመደርደሪያ ላይ ቀርተው ይሆን!

ለዚህ ችግር በዘመናችን የተገኘው መፍትሔ «ክፍት ተደራሽነት» ይባላል። ትርጉሙ አንድ የጥናት ሥራ በኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ማንም ሰው ያለ ክፍያና ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲያነበው፣ እንዲያወርደውና የጸሐፊውን ስም እየጠቀሰ እንዲጠቀምበት ማድረግ ነው። አሳቡ በዓለም አቀፍ ደረጃ በግልጽ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2002 በቡዳፔስት በወጣው መግለጫ ነው። በዶክትሬት ጽሑፍ በኩል ግን ከዚያም የቀደሙ አሉ። በአሜሪካ የሚገኘው ቨርጂንያ ቴክ የተባለው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ተመራቂዎቹ ጽሑፋቸውን በኤሌክትሮኒክ መልክ እንዲያስረክቡ አዘዘ።

አሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። ተማሪው የታረመውን የመጨረሻ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ፋይል ያስረክባል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የጸሐፊውን ስም፣ ርእሱን፣ ዓመቱን፣ የአማካሪውን ስምና አጭር መግለጫውን መዝግቦ በዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማኅደር ያኖረዋል። ለፋይሉም የማይለወጥ አድራሻ ይሰጠዋል። ጸሐፊው በምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚነበብ ይመርጣል፤ ለምሳሌ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ፈቃድ ሰው በነፃ እንዲያነብና እንዲያካፍል እየፈቀደ ስሙን ግን እንዲጠቅስ ያስገድዳል። ከዚያ በኋላ በጎንደር ያለውም በቶኪዮ ያለውም ሰው በአንድ ሰዓት ያገኘዋል።

የሕዝብም ፍላጎት እንዲህ ቀላል አለመሆኑን አንድ ነገር አሳይቷል። እስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1966 በካምብሪጅ ስለሚሰፋው ዩኒቨርስ የጻፈውን የዶክትሬት ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 ለሁሉ ክፍት አደረገው። በዚያው ቀን የአንባቢው ብዛት የማኅደሩን ገጽ አጨናንቆ ሥራ አስተጓጎለ። በጥቂት ቀኖች ውስጥም ከ2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተጎበኘ። ከነዚያ ጎብኝዎች ብዙዎቹ ስሌቱን አልተከተሉት ይሆናል። ቢሆንም የታላቅ ሰው ሥራ ሲጀመር ምን እንደሚመስል፣ ያም ታላቅ ሰው አንድ ጊዜ ተማሪ እንደ ነበረ በዓይናቸው አይተዋል። ይህ ለወጣት ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2012 ዓ.ም. በመስከረም ወር በጊዜው የሳይንስና የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችም ጭምር፣ በዲጂታል ማኅደር እንዲቀመጡና ለአንባቢ ክፍት እንዲሆኑ ይጠይቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሑፎችን የሚያኖርበት ዲጂታል ማኅደር አለው። እንግዲህ ሕጉ ተጽፏል፣ መንገዱም ተጠርጓል ማለት ነው። የቀረው በመንገዱ መሄድ ነው። መሄድን የሚከለክለው ብዙ ጊዜ ፍርሃት ስለ ሆነ ስለ ፍርሃቱ ልናገር።

የመጀመሪያው ፍርሃት «ሥራዬን ሰው ይሰርቀኛል» የሚል ነው። ነገሩ ሲታሰብ ግን ተቃራኒው ነው። ሌባ የሚመቸው ጨለማ ነው። ከመደርደሪያ ተደብቆ የሚገኝ ጽሑፍ ገጽ በገጽ ቢገለበጥ የሚያውቅ የለም። በግልጥ የተቀመጠው ግን ከነቀኑ ተመዝግቦ ስላለ ማን ቀድሞ እንደ ጻፈው ይታወቃል፤ በኮምፒዩተር አነጻጽሮም የገለበጠውን ማጋለጥ ይቻላል። ደግሞም ጽሑፍን መክፈት መብትን መጣል አይደለም። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ ጽሑፉ በነፃ ቢነበብም ጸሐፊው ጸሐፊ ነው።

ሁለተኛው ፍርሃት «ከተከፈተ በኋላ መጽሐፍ አድርጌ ማሳተም አልችልም፣ ወይም የፈጠራ መብት አጣለሁ» የሚል ነው። ይህ ከከንቱ ፍርሃት የተለየ፣ ምክንያት ያለው ጥንቃቄ ነው። የፈጠራ መብት የሚጠየቅበት ነገር ማመልከቻው ሳይገባ ሊገለጥ አይገባውም። የሕመምተኛ ምስጢር ወይም የሰውን ደኅንነት የሚጎዳ መረጃ ያለበትም ገጽ ሊጠበቅ ይገባል። ለዚህ መፍትሔው ጽሑፉን ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ1 ወይም ለ2 ዓመት ማቆየት ነው። ርእሱና መግለጫው ይታያል፣ ሙሉው ጽሑፍ ግን ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል። የጊዜ ገደብ ያለው መዘጋት ማስተዋል ነው፤ ገደብ የሌለው መዘጋት ግን መቅበር ነው።

ሦስተኛው ፍርሃት በአፍ የማይነገር ነው። ይኸውም «ጉድለቴ ይታያል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ለወጣቶች በግልጥ ልናገር እፈልጋለሁ። ጉድለት የሌለበት የመመረቂያ ጽሑፍ የለም። ነገር ግን ሰው እንደሚያነበው የሚያውቅ ጸሐፊ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ይደምራል፣ ማስረጃውን ሦስት ጊዜ ያያል። አማካሪውም ስሙ በገጹ ላይ እንደሚታይ ስለሚያውቅ ሳያነብ አይፈርምም። የተገለጠ ሥራ ተማሪውንም መምህሩንም ዩኒቨርሲቲውንም ያስተካክላል።

ይህን ሁሉ ስል ግን ማኅደር በመክፈት ብቻ ነገሩ ያበቃል ማለቴ አይደለም። ባዶ ጎተራ ቢከፍቱት እህል አይወጣውም። መልካም ጽሑፍ እንዲገኝ ጸሐፊው ሊደገፍ ይገባል። የዶክትሬት ተማሪ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ጎልማሳ ነው፤ ሚስት ወይም ባል፣ ልጆችም አሉት፤ በዩኒቨርሲቲው ያስተምራል፤ ቤት ይከራያል፤ ሌሊት ሌሊት ይጽፋል። ጓደኞቹ በሥራ ዓለም ሲያድጉ እርሱ ገና «ተማሪ» ይባላል። ስለዚህ የሚያስፈልጉት ነገሮች አራት ይመስሉኛል።

አንደኛ፣ ጊዜ ያለው አማካሪ ያስፈልገዋል። ተማሪው ምዕራፉን ሰጥቶ ወራት የሚጠብቅ ከሆነ ልቡ ይሰበራል። ሁለተኛ፣ ለመስክ ሥራና ለቤተ ሙከራ የሚበቃ ገንዘብ በጊዜው ሊደርሰው ይገባል፤ ዝናብ ካለፈ በኋላ የመጣ ገንዘብ የክረምቱን አዝመራ አይለካም። ሦስተኛ፣ የሚያነበው ያስፈልገዋል። በዚህ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ የተባለው አገልግሎት በድሃ አገሮች ላሉ ተመራማሪዎች የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ በማቅረብ ብዙ ረድቷል። አራተኛ፣ ጓደኛ ያስፈልገዋል። በወር አንድ ጊዜ ተሰብስበው የጻፉትን የሚያነቡና የሚተራረሙ ተማሪዎች ካሉ፣ ብቻውን ተቀምጦ ተስፋ የሚቆርጠው ሰው ይቀንሳል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው።

ስለ አጠባበቁም አንድ ቃል ልጨምር። በኢንተርኔት የተቀመጠ ነገር ለዘለዓለም ይኖራል ብሎ መተኛት ስሕተት ነው። የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2009 ኢቶስ የተባለ የዶክትሬት ጽሑፎች አገልግሎት ከፍቶ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ጽሑፎችን መዝግቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 በደረሰበት የኮምፒዩተር ጥቃት ምክንያት ግን አገልግሎቱ ተቋረጠ። ጽሑፎቻቸውን በራሳቸው ማኅደር ያኖሩ ዩኒቨርሲቲዎች አንባቢያቸውን አላጡም። ቅጂን በብዙ ቦታ ማኖር የእኛም አባቶች ጥበብ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው በዓለም ላይ የተገኘው በግዕዝ ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ። ይህ የሆነው አንድ ብርቱ ሣጥን ስለ ጠበቀው አይደለም። በየገዳሙ ያሉ ጸሐፊዎች በብራና ላይ እየቀዱ ስላበዙት ነው። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ተረፈ። ቁም ጸሐፊው በመቃ ብዕር ያደረገውን እኛ በኮምፒዩተር ማድረግ ቢያቅተን ያሳፍረናል።

አሁን ከእያንዳንዳችን የሚፈለገውን በአጭሩ ልናገር።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማስታወሻችሁን በንጽሕና ጻፉ፤ ከየት እንዳገኛችሁት ምንጩን አስቀምጡ፤ የጓደኛችሁን ሥራ ከወሰዳችሁ ስሙን ጥሩ። ዶክትሬት የሚጀመረው በዚህ ልማድ ነው። የአካባቢያችሁን ወንዝ፣ ተክል ወይም ታሪክ የሚመለከት የመመረቂያ ጽሑፍ በኢንተርኔት ፈልጋችሁ ቢያንስ መግለጫውንና መደምደሚያውን አንብቡ። ሁሉን ባትረዱት ግድ የለም፤ ስለምትኖሩበት አገር ሰው እንደ ተጨነቀ ታያላችሁ።

መምህራን ሆይ፣ ከእናንተ የማስተር ወይም የዶክትሬት ጽሑፍ የጻፋችሁ ብትኖሩ ከተማሪዎቻችሁ አትሰውሩት። አንድ ክፍለ ጊዜ ወስዳችሁ ምን ጠየቅሁ፣ ምን አገኘሁ፣ ምን አልተሳካልኝም ብላችሁ ንገሯቸው።

ወላጆች ሆይ፣ የእናንተ ድርሻ ከሁሉ ይበልጣል። የዓለም የምግብ ሽልማትን እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በልጅነታቸው ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይጓዙ ነበር፤ እሑድ ሄደው ዓርብ ይመለሱ ነበር። እንዲማሩ ያጸኗቸው እናታቸው ናቸው። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት ለብዙ አፍሪካውያን እንጀራ ሆነዋል። ልጃችሁ 30 ዓመት አልፎትም «ገና እማራለሁ» ቢላችሁ «መቼ ነው የምትጨርሰው» ከማለት በፊት «ምን እያገኘህ ነው» በሉት። አንድ መልካም ጥያቄ ለደከመ ተማሪ ስንቅ ነው።

በመጨረሻ ለትምህርት ቤታችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ከዚህ የወጡ ልጆች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አንድ አንድ ቅጂ፣ ከእርሱም ጋር በአማርኛ የተጻፈ የሁለት ገጽ መግለጫ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢልኩ መልካም ነው። አብዛኛው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ቋንቋውም ራሱ አንድ ቁልፍ ነው፤ የሁለት ገጹ መግለጫ ያን ቁልፍ ይከፍታል። ቅጂው በኮምፒዩተር ቢሆን ወጪ የለውም፤ አንድ መደርደሪያና አንድ መዝገብ ይበቃል። በሚመጣው የምሥረታ በዓል ዝርዝሩ በዚህ የዓመት መጽሐፍ ላይ ቢታተም፣ ታናናሾቹ የታላላቆቻቸውን ሥራ በስም ያውቃሉ፤ ማሳውን ያስለካው ገበሬና ታሪኩን የነገረው ሽማግሌም ልጃቸው ሲያነብላቸው ብድራቸው እንደ ተመለሰ ያያሉ።

ለትምህርት ቤታችን ዕድሜና ዕድገት፣ ለተማሪዎቹም ብርታትና ማስተዋል እመኛለሁ።